ዳይፐሩን የሚመርጠው ሳፋው ነው

ዝናብ በሌለበት ቅዳሜ ረፋድ የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየሞች ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ በየበረንዳው ከተወጠረው ገመድ ላይ የየቤቱን ኑሮ መገመት አያቅተውም። አንሶላው፣ የተማሪው ዩኒፎርም፣ ነጠላው፣ የጨቅላው ካልሲ ሳይቀር ተሰጥቷል። ድሮ ከሁሉ በላይ ገመዱን ይሞላ የነበረው የሽንት ጨርቅ ግን ከስንት አንዴ ካልሆነ አይታይም። ሕፃን ያለበት ቤት ዛሬ የሚታወቀው በቆሻሻ ጆንያው ነው፤ ተጠቅልለው፣ በራሳቸው ማጣበቂያ ታስረው፣ በፌስታል ታጭቀው የሚወጡት ዳይፐሮች ሳምንት ሳይሞላ ጆንያውን ያከብዱታል። ከሕንፃው ሥር ያለው ሱቅ እሽጉን ፈትቶ በፍሬ ስለሚሸጥ፣ ሙሉ እሽግ ለመግዛት እጅ ያጠራት እናትም ለዛሬ ማታ አንድ፣ ለነገ ጠዋት አንድ እያለች ትወስዳለች።

በዚህ መሃል ነው የጨርቅ ዳይፐር መልኩን ቀይሮ ወደ ገበያ የተመለሰው። በቴሌግራም ቻናሎችና በሕፃናት ዕቃ መደብሮች የሚሸጠው የዛሬው ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ይታሰር የነበረው ነጭ አቡጀዲ አይደለም። አበባና ዝሆን የታተመበት፣ ወገቡና ጭኑ ላይ ላስቲክ ያለው፣ እንደ ልጁ ዕድገት በፕላስቲክ ቁልፍ የሚጠብና የሚሰፋ፣ ውስጡ ባለው ኪስ ሽንት የሚመጥጥ ጨርቅ የሚገባበት ነው። ሻጩ ሦስት ነገር ይምላል፦ ገንዘብ ይቆጥባል፣ ቆዳ አያስቆጣም፣ አካባቢ አይበክልም። ሦስቱም ሐሰት አይደሉም። ሦስቱም ግን ሻጩ በማያነሳው አንድ ነገር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ጨርቁ ከልጁ ላይ ከወለቀ በኋላ በሚሆነው። ማን ያጥበዋል? በየትኛው ውኃ? የት ይሰጣል? በስንት ሰዓት ይደርቃል? የጨርቅ ዳይፐር መመረጥ ያለበት ልጁ ላይ በሚያምረው ሳይሆን ሳፋ ውስጥ በሚታዘዘው ነው። ይህን መስፈርት የያዘ ሰው ገበያ ወጥቶ ውዱን ትቶ ርካሹን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ ጨርቅ ከሚሸጥ ወገን የመጣ አይደለም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ሕፃን ለ2 ዓመት ተኩል የሚለብሰው ዳይፐር ከጥሬ ዕቃው አንስቶ እስኪወገድ ድረስ ምን ያህል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ እንደሚያስከትል አስልቷል። የሚጣለው 550 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የሚታጠበው በአማካይ 570 ኪሎ ግራም ገደማ ሆነ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «እንግዲያውስ ምን ያለፋል?» ብሎ ይዘጋዋል፤ ቁም ነገሩ ግን ከአማካዩ ሥር ነው ያለው። ማሽኑን ሞልቶ የሚያጥብ፣ በገመድ የሚያደርቅ፣ ጨርቁንም ለሁለተኛ ልጅ የሚያቆይ ቤተሰብ ከአማካዩ 200 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሳል። በ90 ዲግሪ እያጠበ ሁሉንም በማድረቂያ ማሽን የሚያደርቅ ደግሞ ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ጨርቁ አንድ ዓይነት፣ ልጁም አንድ ዓይነት፤ አስተጣጠቡ ብቻ ሲለያይ ውጤቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ተራራቀ። በ2023 እ.ኤ.አ. የዚያው አገር መንግሥት ያሳተመው አዲስ ስሌት የሚታጠበውን በ25 በመቶ ያህል የተሻለ አድርጎ አግኝቶታል፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት የእንግሊዝ ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል እየራቀ መጥቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምም በ2021 እ.ኤ.አ. በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር የደረሰው እዚሁ ነው፤ የሚታጠበው አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፣ ምን ያህል እንደሚሻል ግን የሚወስነው አጣቢው ነው።

ስሌቱን ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው ሚዛኑ ወደ ጨርቁ ያጋድላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ኃይል ነው። ማድረቂያ ማሽን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ባሉት የበጋ ወራት ፀሐዩ ያለ ክፍያ ያደርቃል። ነገር ግን የእንግሊዙ አጥኚ ሊጠይቀው ያላስፈለገው ጥያቄ እዚህ አለ፤ ቧንቧው ሲከፈት ውኃ ይመጣል ወይ? 20 ሊትር የሚይዝ ሳፋ እናስብ። አንድ ጊዜ ለማለቅለቅ፣ አንድ ጊዜ በሳሙና ለማጠብ፣ ሁለት ጊዜ ሳሙናውን ለማስለቀቅ አራት ሳፋ ያስፈልጋል፤ አራት ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። በሁለት ቀን አንዴ ቢታጠብ በወር 60 ጀሪካን ይሆናል። ሮቶ ለተከለ ግቢ ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ግን እያንዳንዱ ጀሪካን ደረጃ የሚወጣ ክብደት አለው። የመጨረሻውን ንጹሕ ማስለቀቂያ ለቀጣዩ ዙር ማለቅለቂያ ያስቀመጠ ሰው አራቱን ወደ ሦስት ያወርዳል፤ ከዚያ በታች መቆጠብ ግን ጨርቁ ላይ ሳሙና ማስቀረት ነው፣ እርሱም የራሱን ጣጣ ያመጣል።

ስለዚህም የሚጣለውን ዳይፐር የሰነፍ እናት ምልክት አድርጎ ማውራት ታሪኩን አለማወቅ ነው። ማሪየን ዶኖቫን የተባለች አሜሪካዊት እናት የገላ መታጠቢያ መጋረጃ ቆርጣ ውኃ የማያሳልፍ የዳይፐር ሽፋን የሰፋችው፣ ልጇ ጨርቁን አልፎ አንሶላውን ሁሉ እያራሰ የልብስ ክምር ስላበዛባት ነበር፤ ሥራዋ በ1949 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ በሚገኘው ሳክስ ፊፍዝ አቬኑ መደብር መሸጥ ጀመረ። ቪክተር ሚልስ የተባለው የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል መሐንዲስ የመራው ሥራ ፓምፐርስ ተብሎ በ1961 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ ለሙከራ ገበያ ሲወጣ፣ የአሜሪካ እናቶች ብዙዎቹ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበራቸው፤ ያም ሆኖ ተቀበሉት። በ1980ዎቹ ደግሞ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የተባለው ዱቄት ገባ፤ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ የሆነ ፈሳሽ ውጦ ጄል የሚሆን፣ ቢጫኑትም የያዘውን የማይለቅ። ከዚያ ወዲህ የሚጣለው ቀጠነ፣ የሌሊት እንቅልፍም ረዘመ። ማሽን ያላትን ሴት ከማጠብ ማረፍ እንዲህ ከሳባት፣ በእጇ የምታጥበዋ ለምን እንደምትሳብ መጠየቅ አያስፈልግም። የጨርቅ ጠበቃ መልስ መስጠት ያለበት ለዚህ ነው፤ ስለ ዛፍና ስለ ምድር መናገር መልስ አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። የጨርቅ ዳይፐሮች መልካቸው ቢበዛም ሥራቸው ሁለት ነው፤ አንዱ ክፍል ይመጥጣል፣ ሌላው ያግዳል። የሚያግደው በአብዛኛው ስስ ፖሊዩሬቴን የተለበጠበት የፖሊስተር ጨርቅ ነው። የሚመጥጠው ጥጥ፣ ከቀርከሃ የተሠራ ቪስኮስ ወይም ማይክሮፋይበር ይሆናል። ሁለቱ አንድ ላይ ተሰፍተው የሚመጡበት ዓይነት ለማልበስ ከሚጣለው አይለይም፤ አባትም አያትም ሞግዚትም ሳይማሩት ያለብሱታል። ነገር ግን ብዙ ድርብ ጨርቅ ከማያሳልፈው ጋር ስለተሰፋ፣ በእጅ ሲታሽ መሃሉ አይደረስበትም፣ ሲጨመቅ ውኃው አይወጣለትም፣ ገመድ ላይም ውጪው ደርቆ ውስጡ እንደረጠበ ይመሻል። ለማሽን የተሠራ ዕቃ ነው። ባለ ኪሱ ከዚህ ይሻላል፤ የሚመጥጠው ተስቦ ወጥቶ ለብቻው ይታጠባልና። የእርሱ ችግር ብዙ ጊዜ አብሮት የሚሸጠው ማይክሮፋይበር ነው። ማይክሮፋይበር ሽንትን በፍጥነት ይስባል፣ ሲጫኑት ግን መልሶ ይለቃል። ልጅ ቀኑን አልጋው ላይ በሚያሳልፍበት አገር ይህ ትንሽ እንከን ነው፤ ልጅ በሚታዘልበት አገር ግን የእናቲቱን ጀርባ ያርሳል። ማይክሮፋይበር በቀጥታ ቆዳ ላይ ከዋለም የቆዳውን እርጥበት እየሳበ ያደርቀዋልና ከኪሱ መውጣት የለበትም።

በእጅ ለሚያጥብ ቤት የሚያሸንፈው፣ ሻጮች እንደ ጊዜ ያለፈበት የሚያዩት ጠፍጣፋው ጨርቅ ነው። ጎኑ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ አንድ ንብርብር ብቻ ያለው፣ ጠርዙ የተቀመቀመ የጥጥ ጨርቅ። ታጥፎ ልጁ ላይ ሲሆን ስምንት ድርብ ይሆናል፤ ሳፋ ውስጥ ሲዘረጋ እንደገና አንድ ነው። ሳሙናው የማይደርስበት ቦታ የለውም። አንድ እጅ ይጨምቀዋል። ኅዳር ፀሐይ ላይ ጠዋት ተሰጥቶ ከቀትር በፊት ይሰበሰባል፤ ደመናማ ቀን ላይም ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ያድራል እንጂ አይሸትም። ሊቀቀል ይችላል፣ ካውያ ይችላል። ለወንድ ልጅ ከፊት፣ ለሴት ልጅ ከመሃል እንዲወፍር አድርጎ ማጠፍ ይቻላል፤ ባለ ቅርጹ ዳይፐር ይህን አይፈቅድም። በላዩ የሚደረገው ሽፋን ብቻ ነው ከአዲሱ ገበያ መገዛት ያለበት፤ እርሱም ዓይነ ምድር ካልነካው ተጠርጎ ደጋግሞ ስለሚለበስ አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ጨርቁን በየሁለት ቀኑ ለሚያጥብ 24 ያህል ጠፍጣፋ ጨርቅ ይበቃዋል። አስተጣጠፉን ማን ይማራል ለሚል ሰው፣ መርፌ ቁልፍ ዛሬ ግድ አይደለም፤ ጨርቁን በቁመቱ እንደ ረጅም ንጣፍ አጥፎ ሽፋኑ ውስጥ ማጋደም ከአንሶላ ማጠፍ ይቀልላል። ሠፈር ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ጠርዙን ይቀመቅመዋል፤ የሚገዛው ጨርቅ ሙሉ ጥጥ መሆኑ ግን መጣራት አለበት፣ ፖሊስተር ከተቀላቀለበት በደንብ አይመጥጥምና። አዲስ ጥጥ ከነቅባቱና ከማጠንከሪያው ስለሚመጣ መጀመሪያ ውኃን ያንሸራትታል፤ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ ታጥቦ፣ የተንጠባጠበበትን ውኃ ወዲያው መዋጥ ሲጀምር ነው ልጅ ላይ የሚውለው።

ማጠቡ ላይ ብዙ የተወረሰ ልማድ አለ፤ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ አይደለም። ዓይነ ምድሩ መጀመሪያ ወደ መጸዳጃ ቤት ይራገፋል፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ከሆነ ውኃ ብቻ ያስለቅቀዋል፣ ምግብ ከጀመረ በኋላ ነው መራገፉ ግድ የሚሆነው። የመጀመሪያው ውኃ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሙቅ ከቀደመ ቆሻሻውን ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። ለቀናት ዘፍዝፎ ማቆየት ግን መተው ያለበት ልማድ ነው። የቆየ ውኃ ተሕዋስያን ያራባል፣ የሽፋኑን ላስቲክ ያላላል፣ ከሁሉ በላይ መዳህ በጀመረ ልጅ ቤት ውስጥ ውኃ የሞላ ባልዲ የመስጠም አደጋ ነው። ያደፈው ጨርቅ ያለ ውኃ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል። የሙቀቱ ነገር ደግሞ የሳፋ አጣቢ ልዩ ችግር ነው። ማሽን ያላቸው አገሮች ለዳይፐር 60 ዲግሪ ይመክራሉ፤ እጅ ግን ያን ሙቀት አይችልም። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ጠፍጣፋውን ጨርቅ በትልቅ ድስት መቀቀል ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ ይተካል፤ ሽፋኑና ባለ ኪሱ ግን አይቀቀሉም፣ ልባጡ ይላቀቃል። በረኪናም ልባጡንና ላስቲኩን ይበላል። የልብስ ማለስለሻ ጨርቁን ለእጅ ያለሰልሰዋል፣ መምጠጡን ግን ይነሳዋል። ቫዝሊንና የዚንክ ቅባትም እንዲሁ፤ የተቀባ ልጅ ላይ ለዚሁ የተለየ ስስ ጨርቅ ጣል ማድረግ የቀረውን ሁሉ ያድናል። ጠዋት ሲፈታ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ያለው ጨርቅ ካለ፣ ጥፋቱ የልጁ ሽንት ሳይሆን ያልለቀቀ ሳሙና ወይም ያልጠራ አስተጣጠብ ነው። ፀሐይ እድፉን ስለሚያነጣ ቢጫ ምልክት ያየ ሁሉ በረኪና መፈለግ የለበትም።

ከእናቶች አንደበት ቶሎ የሚሰማው ተቃውሞ ጨርቅ ልጁን ይልጠዋል የሚለው ነው። ሻጩ በበኩሉ የሚልጠው የሚጣለው ነው ይላል። ሁለቱም ከማስረጃው አልፈው ሄደዋል። መላላጥ የሚመጣው እርጥብ ቆዳ ሲፋተግ፣ ሽንትና ዓይነ ምድርም ሲገናኙ ነው፤ ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ የቆዳውን ተፈጥሯዊ አሲድነት ይቀንስና በዓይነ ምድሩ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ቆዳውን እንዲጎዱ ያበረታቸዋል። ጄሉ ሽንቱን ከቆዳ አርቆ ስለሚይዝ የሚጣለው በዚህ በኩል እውነተኛ ብልጫ አለው። ሆኖም ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያሉትን ሙከራዎች መርምሮ፣ የሚጣለው ዳይፐር መላላጥን ይከላከላል ለማለትም ሆነ አይከላከልም ለማለት የሚያበቃ ጥራት ያለው ማስረጃ አላገኘም። የሚቀረው ልማድ ነው። ጨርቅ እርጥበቱን ስለማይደብቅ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ አስቀይሩኝ ይላል፤ የሚጣለው ዝም ስለሚል ይቆያል፣ በተለይ በፍሬ ሲገዛ። አንዱን ዳይፐር ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስጎትተው ቸልተኝነት ሳይሆን ዋጋው ነው፤ ቆዳው ግን ምክንያቱን አይለይም። በጨርቅም ሆነ በሌላው፣ በቀናት ውስጥ የማይሻል፣ ዳር ዳሩ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ያወጣ መላላጥ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ማሳየት ይገባል።

ገንዘቡ ላይ ክርክሩ አጭር ነው። በቀን 6 ዳይፐር በወር 180፣ በ2 ዓመት ተኩል ወደ 5,500 ይጠጋል፤ ማንም ሰው በሰፈሩ ሱቅ ዋጋ አባዝቶ ከ24 ጨርቅና ከ6 ሽፋን ዋጋ ጋር ሊያስተያየው ይችላል። የሚጣለው ዳይፐር ዋጋ የሚታዘዘው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ልቡ የእንጨት ጭረትና ጄል በመሆኑ፣ እዚሁ አገር የሚመረተውም ቢሆን ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ ላይ የቆመ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሸማቹ ሳይነገረው ያውቃል። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በፍሬ የምትገዛዋ እናት የ24 ጨርቅ ዋጋ አንድ ላይ ከየት ታመጣለች? ሙሉውን ስብስብ «ለመጀመር ግዴታ» ብሎ የሚሸጠው ማስታወቂያ የሚጎዳው እርሷን ነው። 6 ጨርቅና 2 ሽፋን ለቀን ብቻ ይበቃል፤ በየቀኑ መታጠብ አለበት እንጂ ሥራውን ይሠራል። አራስ ለመጠየቅ የሚመጣው ወዳጅ ዘመድም ዛሬ እሽግ ዳይፐር ይዞ ከሚገባ፣ ተነጋግሮ ሁለት ሁለት ጨርቅ ቢይዝ ቀሪው በአንድ ሳምንት ይሞላል።

ሻጩ የሚያሳየው ቁጠባ ሁልጊዜ አንድ ዋጋ ይዘላል፤ የአጣቢዋን ጉልበት። በሁለት ቀን አንድ ሰዓት ቢፈጅ በወር 15 ሰዓት ነው፤ ይህን 15 ሰዓት የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳይፐሩን የመረጠው ሰው አይደለም። ተመላላሽ ናት፣ የቤት ሠራተኛ ናት፣ ከገጠር ለማረስ የመጣች አያት ናት፣ ወይም ወገቧ ገና ያልጠና አራስ ራሷ። የፓስፊኳ ደሴት አገር ቫኑዋቱ የሚጣል ዳይፐርን ለማገድ ማቀዷን በ2019 እ.ኤ.አ. ስታስታውቅ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ ሸክሙ ሴቶች ትከሻ ላይ አይወድቅም ወይ? ተቃውሞው ትክክል ነው። መልሱ ግን ጨርቁን መተው ሳይሆን ዋጋውን በግልጽ መቁጠር ነው። በወር ከዳይፐር የተረፈው ገንዘብ ከፊሉ ለምታጥበው ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ካልተጨመረ፣ ቤቱ ገንዘብ አልቆጠበም፤ ከእርሷ ወሰደ እንጂ። አባት ያለበት ቤት ከሆነም ጠፍጣፋ ጨርቅ ማጠብ የሴት እጅ የሚጠይቅ ሙያ የለበትም። ምርጫው ላይ አጣቢዋ ካልተጠየቀች የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ያማረው ባለ ዝሆን ዳይፐር ወር ሳይሞላው ቁምሣጥን ይገባል፣ ሱቁም ደንበኛውን ያገኛል።

ስለ ቆሻሻው ሲወራ «500 ዓመት ሳይበሰብስ ይቆያል» የሚለው ቁጥር ከአፍ አይወርድም። ፓምፐርስ ከተፈለሰፈ ገና 100 ዓመት ስላልሞላው ይህን ያየ ሰው የለም፤ ግምት ነው፣ ክርክሩም አያስፈልገውም። እዚህ ይበልጥ አሳሳቢው ዳይፐሩ ውስጥ የተጠቀለለው ነው። የሕፃን ዓይነ ምድር ንጹሕ ነው የሚለው እምነት ሰፊ ነው፤ እውነቱ ግን ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያንን ከአዋቂው ባልተናነሰ፣ አንዳንዴም በበለጠ ይሸከማል። ጨርቅ የሚጠቀም ሰው ወዶም ሆነ ሳይወድ ወደ መጸዳጃ ቤት ያራግፈዋል። የሚጣለውን የሚጠቀም ጠቅልሎ ለቆሻሻ ሰብሳቢዋ ያስረክበዋል፤ ሰብሳቢዋ በባዶ እጇ ታነሳዋለች፣ መጨረሻው ደግሞ ሰዎች ቆሻሻ እየፈተሹ የሚኖሩበት ስፍራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ቆሻሻ ከደጃችን ሲርቅ ወደ ሌላ ሰው ደጅ እንደሚሄድ አገር ሁሉ አይቷል። ዳይፐር ያንን አደጋ አመጣ ማለት አይደለም። የሚጣለውን ዳይፐር የሚጠቀምም ቢሆን ከመጠቅለሉ በፊት ዓይነ ምድሩን ቢያራግፍ ለሰብሳቢዋ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህን ለማድረግ ጨርቅ መግዛት አያስፈልግም።

ማጠብን ከሁሉ የሚቀንሰው ግን የትኛውም ዳይፐር አይደለም፤ ልጁን ማሸናት ነው። ከእንቅልፉ ሲነቃና ጠብቶ ሲጨርስ አንስቶ እግር ላይ አስቀምጦ «ሽሽ» ማለት በየአያቱ ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ከተሜው ግን እንደ ኋላ ቀርነት ትቶታል። በኬንያ የባሕር ጠረፍ የሚኖሩትን የዲጎ ሕዝብ ያጠኑ ተመራማሪዎች በ1977 እ.ኤ.አ. ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት እንደጻፉት፣ እዚያ ልጆች በ5 ወይም በ6 ወራቸው ቀንም ሌሊትም ደርቀው ይገኙ ነበር። እናት ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር ካልዋለች ይህን መጠበቅ አይቻልም፤ ወደ ሥራ የምትመለስ እናት የዲጎን ያህል ባይሳካላት ልትወቀስ አይገባም። ቢሆንም በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ማሸናት ሁለት ጨርቅ ከሳፋ ያስቀራል። ጨርቁ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ልጁ መርጠቡን ያውቃል፣ የያዘውም ሰው ያውቃል። ጄሉ ይህን ወሬ ከሁለቱም ይደብቃል።

በውጭ የሚኖረው ወገናችን ይህን ሁሉ እንዳለ ሊወስደው አይችልም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሕፃናት ማዋያዎች የሚጣል ካልሆነ አይቀበሉም፤ በአፓርታማ የሚኖር ቤተሰብም በሳንቲም የሚሠራ የጋራ ማጠቢያ ላይ ቢመሠረት ቁጠባው ይቀልጣል። በሌላ በኩል የአገሪቱ መንግሥት የምግብ ድጎማ ዳይፐር ስለማይገዛ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ማሽን ቤቱ ውስጥ ካለ ጨርቁ ትልቅ ትንፋሽ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የቧንቧው ውኃ በአብዛኛው ከባሕር ጨዉ ተለይቶ፣ ያም በነዳጅ ጉልበት የሚገኝ ነው፤ እዚያ የውኃው ሳፋ ራሱ ካርቦን አለበት። ጥያቄው ግን የትም ቢሆን አይለወጥም፤ መጀመሪያ ማጠቢያውና ማድረቂያው ይታያል፣ ከዚያ ዳይፐሩ ይገዛል።

የጨርቅ ጠበቆች አንድ ስሕተት ይደጋግማሉ፤ ሁሉም ወይም ምንም ይላሉ። አንድ ሌሊት የሚጣል የተጠቀመ ሰው የከዳ ያህል ይወቀሳል፣ ከዚያም ተስፋ ቆርጦ ጨርቁን ጨርሶ ይተወዋል። ሌሊት ጄሉ ይበልጣል፤ እንቅልፍም ዋጋ አለው። መንገድ ላይ፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ፣ ውኃ በጠፋበት ሳምንት፣ ልጁ ሲያስቀምጠው የሚጣለው ይሻላል። አራስ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያወጣው ጥቁርና አጣባቂ ቆሻሻም ጨርቅ ላይ ሊለቅ ስለማይፈልግ ሳምንቱን በሚጣለው ማለፍ አያስነውርም። ከ6ቱ የቀን ዳይፐሮች 4ቱን ብቻ፣ ያውም ከዓመቱ 9 ወር ብቻ በጨርቅ የሚሸፍን ቤት በ2 ዓመት ተኩል 2,700 ያህል ዳይፐር ሳይገዛ ይቀራል፤ ከጠቅላላው ግማሽ መሆኑ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ክረምት ለሚጣለው መልቀቅ ይቻላል። ጨርቁ ግን በከፊል እርጥበት ታጥፎ ክረምቱን ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ተቀቅሎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ካውያ ከተደረገ በኋላ በጨርቅ ከረጢት እንጂ በፌስታል መታሸግ የለበትም፤ የሽፋኑ ላስቲክም ሳይወጠርና ሳይታጠፍ ተዘርግቶ ይቀመጣል።